የቦብ ፎሲ ዳንስ ላይ ዓይኔ ተተክሎ ቀረ፤ ምን አድርጎ ነው?

የማታ_ወፍ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። አንድ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣ ቢለኝ ነው የመጣሁት።

ስለ ብሮድዌይ፣ ማለትም ስለ ኒው ዮርክ የቲያትር ሰፈር፣ ሙዚቃዊ ተውኔት ብዙም አላውቅም። የማውቀው ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ነው። ብዙ ዳንሰኛ ይወጣል፣ ይዘፈናል፣ ይዘለላል፣ እግር እስከ ጆሮ ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ ሁሉም ተሰልፎ እጁን ይዘረጋል። ሳየው ደስ ይለኛል፤ በማግስቱ ግን ምንም አላስታውስም።

ባለፈው ሳምንት «ስዊት ቻሪቲ» ከሚባለው ሥራ አንድ ትዕይንት አየሁ። ሴቶቹ በአንድ ጭፈራ ቤት ውስጥ ለገንዘብ ከወንዶች ጋር የሚደንሱ ናቸው። መድረኩ ፊት ላይ አግድም የተዘረጋ መደገፊያ ብረት አለ። በዝግታ መጥተው እሱ ላይ ተደገፉ። ከዚያ ዝም። አንዷ ዳሌዋን ሰብራለች። አንዷ ሁለቱን ጉልበቶቿን ወደ ውስጥ አጋጥማለች። ሌላዋ አንገቷን ጥላ የትም የማታይ ትመስላለች። ጥሩምባው ድንገት ሲጮህ ትንሽ ነገር ትንቀሳቀሳለች፤ ትከሻ ወይ እጅ። ከዚያ እንደገና ዝም።

ትንፋሼን ይዤ ነው የጨረስኩት። ደግሜ አየሁት፣ እንደገና ደገምኩት። ሴቶቹ ደክሟቸዋል፣ ሰልችቷቸዋል፣ ግን ዛሬም መሸጥ አለባቸው፤ ይሄ ሁሉ ያለ አንድ ዝላይ ገባኝ።

ኮሪዮግራፈሩ፣ ዳንሱን የፈጠረው ሰው ማለት ነው፣ ቦብ ፎሲ እንደሚባል አነበብኩ። ጥያቄዬ ምን መሰላችሁ፣ ሌላው ዳንስ ያን ያህል እየተንቀሳቀሰ ሳይዘኝ ይሄ ቆሞ እንዴት ያዘኝ? ምን አድርጎ ነው? ደግሞስ ከዚህ ቀጥሎ የትኛውን ሥራውን ልይ? የምታውቁ ለእህታችሁ አስረዱ። ቢረዝምም አነባለሁ።

አሮጌ_ወንበር፦

እንኳን ደህና መጣሽ እህቴ። እኔ ይሄን ሰውዬ ስወደው ብዙ ዓመቴ ነው፣ ስለዚህ ይረዝምብሻል፣ ታገሽኝ።

ከሰውነቱ እንነሳ። ፎሲ በ1927 ቺካጎ ነው የተወለደው (የምጠራው ዓመት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ትከሻው ጎበጥ ያለ ነበር። እግሮቹ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ ባሌት ደግሞ እግርን ወደ ውጭ መክፈት ነው፣ ከዚያ ነው የሚጀመረው። ፀጉሩ ገና በወጣትነቱ መሳሳት ጀመረ። እጆቹንም አይወዳቸውም ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ይሄን ሁሉ ሲደብቅ ዕድሜው ያልቅ ነበር። እሱ ምን አደረገ? ኮፍያ ደፋ። ጓንት አጠለቀ። ጉልበቱን ይባስ ብሎ ወደ ውስጥ አጠፈው፣ ትከሻውንም ይባስ አጎበጠው። ከዚያ ያንን ለሌሎች ዳንሰኞች አስተማረ። ዛሬ ቀጥ ያለ እግር ያላቸው ወጣቶች መስታወት ፊት ቆመው የእሱን እግር ለማምጣት ላባቸው ጠብ ይላል። ይሄን ባሰብኩ ቁጥር አንድ ነገር ሆዴን ይነካኛል።

ሌላው ያደገበት ቦታ ነው። ገና ልጅ እያለ ቺካጎ ውስጥ በምሽት ክበቦችና ሴቶች ልብሳቸውን እያወለቁ በሚደንሱባቸው ቤቶች ታፕ (በጫማ ወለሉን እየመቱ የሚደነሰውን) ይደንስ ነበር። በዚያ ዕድሜው መድረክ ላይ የሚፈገገውን ፈገግታ አየ፤ ከመጋረጃው ጀርባ ደግሞ ያ ፈገግታ ከፊት ላይ እንዴት ወልቆ እንደሚወድቅ አየ። አንቺ ያየሻቸው መደገፊያው ላይ የተንጠለጠሉ ሴቶች ከዚያ የመጡ ናቸው ብዬ ነው የማምነው። ድካማቸውን ከሩቅ ሆኖ ያሰበ ሰው እንደዛ አያስደንሳቸውም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ትልቅ ቲያትር ውስጥ ከሺህ በላይ ሰው ይቀመጣል። ሠላሳ ዳንሰኛ በአንዴ ሲንቀሳቀስ ዓይንሽ የቱ ጋ እንደሚያርፍ ማንም አያውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ሁሉም ዝም ብሎ አንዲት ጣት ብትነሳ ግን ያ ሁሉ ሰው ያቺን ጣት ነው የሚያየው። ፎሲ ይሄን ያውቃል። ፊልም ካሜራውን አስጠግቶ ፊት ያሳይሻል፤ መድረክ ያን ማድረግ አይችልም። እሱ ግን ሌላውን ሁሉ ዝም በማሰኘት መድረኩ ላይ ዓይንሽን ያስጠጋዋል። ዝምታው እረፍት እንዳይመስልሽ። ዝምታው ራሱ ዳንሱ ነው።

ሽልማት የሚቆጥር ካለ፣ በኮሪዮግራፊ ብቻ 8 የቶኒ ሽልማት (የብሮድዌይ ቲያትር ሽልማት ነው) አለው፤ 9ኛው በአዘጋጅነት ነው። በ1973 ደግሞ በአንድ ዓመት ውስጥ በአዘጋጅነት ኦስካርን በ«ካባሬ» ፊልም፣ ቶኒን በ«ፒፒን» ተውኔት፣ ኤሚን በአንድ የቴሌቪዥን ዝግጅት ወሰደ። ሦስቱን በአንድ ዓመት የወሰደ አዘጋጅ ከእሱ ሌላ የለም። እኔ ግን ስለ ሽልማቱ ብዙ አላወራም፤ ያቺ ጣት ትበልጥብኛለች።

የዳንስ_ጫማ፦

አሮጌ_ወንበር ጥሩ አስረድተሃል። እኔ ደግሞ ከውስጥ ልንገራት፣ በዚህ ስልት ለጥቂት ወራት ስለሠለጠንኩ።

እህቴ፣ «ሳይንቀሳቀስ» ያልሽው ነገር በሕይወቴ ከሠራሁት ሁሉ ያደከመኝ ነው። የመጀመሪያ ቀን አስተማሪያችን መስታወቱ ፊት አቆመችንና ቀኝ ትከሻችሁን ብቻ ወደ ፊት አምጡ አለች። ቀላል ነው ብዬ አመጣሁ። አገጬ አብሮ መጣ። አገጬን ያዝኩት፣ ዳሌዬ መጣ። ዳሌዬን ያዝኩት፣ ትንፋሼ ቆመ፤ እሷ ደግሞ «መተንፈስሽ አይታየኝም» አለችኝ። ሙሉ ሰዓት እዚያች አንድ ትከሻ ላይ ቆየን። ማታ ቤቴ ስገባ ከሩጫ የተመለስኩ ያህል ነበር የደከመኝ።

እስክስታ የምትችል ሰው ይሄ ቶሎ ይገባታል። ትከሻ ብቻውን ሲናገር የቀረው ሰውነት እንዴት ዝም እንደሚል ታውቃለችና። ልዩነቱ እስክስታ ላይ ትከሻው ከምቱ ጋር ይንቆረቆራል፣ አያርፍም። ፎሲ ጋ አንዴ ይናገርና ይቆማል። ያቺ ማቆሚያ ናት ከባዷ።

እጆቹን ደግሞ ልብ ብለሽ እያቸው። ለእጅ የሚሰጡት ስም አለ፣ «ለስላሳ የተቀቀለ እንቁላል» ይሉታል። መዳፍሽ ውስጥ እንዲህ ያለ እንቁላል እንዳለ አድርገሽ ትይዣለሽ፤ ብትጨብጪው ይፈርጣል፣ ብትለቂው ይወድቃል። ስለዚህ እጁ ዘና ያለ ይመስላል፣ ግን ውስጡ ጥንቃቄ አለ። «የተሰበረ አሻንጉሊት» የሚሉት አቋምም አለ፣ ክንድና አንጓ ገመዱ እንደተበጠሰ ነገር ይንጠለጠላል። ዳንሰኞች ተጠጋግተው እንደ አንድ ሰውነት ቀስ እያሉ ሲሄዱ ደግሞ «አሜባ» ይባላል። እነዚህን ስሞች ካወቅሽ በኋላ የቱንም ሥራውን ስታዪ እንደ ድሮ ወዳጅ ብቅ ይሉልሻል።

አስተማሪያችን ሁልጊዜ የምትለን አንድ ነገር ነበር። ማንን ነው የምታዪው? ምን ትፈልጊያለሽ? ትንሿ ጣትሽ ስትነሳ ለምን እንደተነሳች ካላወቅሽ ዝቅ አድርጊያት። በሌላ ክፍል እርምጃ ነው የሚቆጠረው። እዚህ ሐሳብ ነው የሚቆጠረው። መደገፊያው ላይ ያሉት ሴቶች የያዙሽም ለዚህ ይመስለኛል፣ እያንዳንዷ የራሷ የሆነ ነገር እያሰበች ነው የቆመችው። ሁሉም አንድ ዓይነት ቢቆሙ አስተውዪ፣ ጌጥ ነበር የሚሆኑት።

ሦስተኛ_ረድፍ፦

ምን ልይ ላለችው። ሌሎቹ ምክንያቱን ነግረውሻል፣ እኔ ቅደም ተከተሉን ልስጥሽ።

በ1953 ከወጣው የ«ኪስ ሚ ኬት» ፊልም ጀምሪ። ፎሲ እዚያ ውስጥ ትንሽ ሚና ያለው ዳንሰኛ ነው። ግን አንድ ደቂቃ ለማይሞላ ጊዜ ከዳንሰኛዋ ካሮል ሄኒ ጋር የሚደንሰውን ራሱ እንዲሠራው ፈቀዱለት። እስከዚያ ድረስ ዳንሱ እንደ ዘመኑ ነው፣ ቆንጆ ነው። እሱ ጋ ሲደርስ ሙዚቃው ወደ ጃዝ ይዞርና ሌላ አገር የገባሽ ይመስልሻል። ሰውዬው በሙሉ እዚያች ደቂቃ ውስጥ አለ።

ቀጥሎ በዓመቱ፣ በ1954፣ ብሮድዌይ ላይ «ፓጃማ ጌም»ን ሠራ። የመጀመሪያው ነበር። እዚያ ውስጥ ሦስት ዳንሰኞች በጥቁር ልብስና በክብ ኮፍያ የሚሠሩት የእንፋሎት ዘፈን አለ። ከንፈራቸው እንደ ማሞቂያ ቧንቧ «ስስስ» ይላል፣ ኮፍያው ከራስ ወደ እጅ፣ ከእጅ ወደ ራስ ይዘላል። አዘጋጁ ጆርጅ አቦት ታሪኩን ያዘገያል ብሎ ሊያወጣው ፈልጎ ነበር፤ አብሮ ያዘጋጀው ጀሮም ሮቢንስ ነው ይቆይ ብሎ የተከራከረው። ራሱ ታላቅ ኮሪዮግራፈር ነውና ያየውን አውቋል። ፊልሙ በ1957 ስለወጣ በቀላሉ ታገኚዋለሽ።

ከዚያ ወደ «ፒፒን» ዝለዪ። የ1972 ሥራ ነው። መጋረጃው ሲከፈት መድረኩ ጨለማ ነው፣ የሚታየው እጅ ብቻ ነው። ሰው የለም፣ ፊት የለም፣ በጨለማ ውስጥ የሚንሳፈፉ እጆች። እጆቹን የማይወድ ሰው ያደረገውን እዩልኝ።

ለ«ፒፒን» የቴሌቪዥን ማስታወቂያ ሠርተውለት ነበር፣ ይሄ በጣም ይገርመኛል። እስከዚያ ድረስ አንድ የብሮድዌይ ሥራ መድረክ ላይ ያለውን ዳንስ በማስታወቂያ አሳይቶ አያውቅም። እነሱ አንድ ደቂቃ ሙሉ ተዋናዩን ቤን ቨሪንንና ሁለት ዳንሰኞችን ብቻ አሳዩ። ከዚያ ድምፅ መጣና፣ አሁን አንድ ደቂቃ በነፃ አይታችኋል፣ የቀረውን 119 ደቂቃ ኢምፔሪያል ቲያትር መጥታችሁ እዩ አለ። ሕዝቡ ጎረፈ። ትርኢቱ 1,944 ጊዜ ታየ። ያ የሦስቱ ዳንስ መድረክ ላይ የሚመጣው ጦርነት መሃል ነው፤ ዙሪያቸውን ሰው እየተገደለ እነሱ ኮፍያና ከዘራ ይዘው እየሳቁ በትንሹ ይደንሳሉ። ማስታወቂያው ላይ ደስ የሚል ይመስላል። ቲያትሩ ውስጥ ግን ያንገፈግፋል።

ገለልተኛ_አይደለሁም፦

ሁላችሁም ያላችሁት ልክ ነው፣ ፎሲን እኔም እወደዋለሁ። ግን እስካሁን አንድ ሰው እንኳ የግዌን ቨርደንን ስም አላነሳም፣ ይሄ ደስ አላለኝም።

ግዌን ቨርደን ማለት በ1955 በ«ዳም ያንኪስ» ከፎሲ ጋር ሥራ የጀመረችው፣ በ1960 ያገባችው ናት። ልጅ ሆና በአጥንት መለስለስ በሽታ እግሯ ስለተጣመመ የማቅኛ ቦት ጫማ ነበር የምታደርገው። ከዚያ ተነስታ 4 ቶኒ የወሰደች ሴት ናት። ፎሲን ከማግኘቷ በፊት የኮሪዮግራፈሩ የጃክ ኮል ረዳት ነበረች፤ ጃክ ኮል ማለት በዚያ በአንድ የሰውነት ክፍል ብቻ በሚደነሰው ጃዝ ላይ ቀድሞ የደከመ ሰው ነው። ስለዚህ ያ እውቀት በእሷ ሰውነት ውስጥ ገብቶ ወደ ፎሲ ክፍል መጣ። አንቺ ያየሽው «ስዊት ቻሪቲ» እኮ በ1966 ሲከፈት ዋናዋ እሷ ነበረች! በ1969 ፊልሙ ሲሠራ ሚናው ለሸርሊ ማክሌን ተሰጠ። ግዌን ምን አደረገች? ሄዳ ዳንሱን አስተማረች። የራሷን ሚና ለሌላ ሰው አሳልፋ እያስተማረች። እኔ ይሄን ሳነብ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ትዳሩንም አንደብቀው። ታማኝ ባል አልነበረም፣ በ1971 ተለያዩ። ሲጋራ ከአፉ አይጠፋም፣ በኪኒን ኃይል ነበር የሚሠራው። ግን አልተፋቱም፣ ሥራቸውም አልተቋረጠም። በ1987 ሴፕቴምበር 23 ዋሽንግተን ውስጥ «ስዊት ቻሪቲ» እንደ አዲስ በሚከፈትበት ምሽት መንገድ ላይ ሲወድቅ አጠገቡ የነበረችው ግዌን ናት። 60 ዓመቱ ነበር። ስናደንቀው ሁለቱንም እናድንቅ ነው የምለው፣ ሌላ ምንም አይደለም።

አሮጌ_ወንበር፦

እውነትሽን ነው፣ ወይም እውነትህን ነው፣ ማን እንደሆናችሁ አላወቅኩም። መጀመሪያ ላይ መጥራት ነበረብኝ። ይቅርታ።

እንዲያውም «ቺካጎ» የሚባለው ሙዚቃዊ ሥራው የተሠራው በእሷ ግፊት ነው። የተውኔቱን መብት ለማግኘት ለዓመታት የለፋችው እሷ ናት። በ1974 መጨረሻ ልምምድ እንደጀመሩ ፎሲ የልብ ሕመም መታው፣ ቀዶ ጥገና ተደረገለት፣ ሥራው ቆመ። ዳንሰኞቹ ጠበቁት። በ1975 ጁን ላይ ሲከፈት ግዌን 50 ዓመቷ ነበር። በዚያ ዕድሜ፣ በዚያ ዳንስ፣ በየምሽቱ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፤ በቶኒ ሽልማት «ቺካጎ» በ11 ዘርፍ ታጭቶ አንድም አላገኘም። በዚያው ዓመት የማይክል ቤኔት «ኤ ኮረስ ላይን» ወጥቶ ነበር። ስለ ዳንሰኞች ሕይወት የተሠራ፣ ልብ የሚያሞቅ ሥራ ነው፣ ሽልማቱን ጠራርጎ ወሰደ። የፎሲው ቀዝቃዛ ነው፤ ነፍሰ ገዳይ እንዴት ዝነኛ እንደምትሆን በፈገግታ የሚያሳይ። ሰው ያኔ ያን ያህል ልቡን አልሰጠውም። በ1996 ዳንሰኛዋ አን ራይንኪንግ በፎሲ ስልት ኮሪዮግራፊውን ሠርታ እንደገና ሲመጣ ግን ይኸው እስከ ዛሬ አልወረደም፤ ብሮድዌይ ላይ ከታዩት የአሜሪካ ሙዚቃዊ ተውኔቶች ሁሉ ለረጅም ጊዜ በመታየት የሚበልጠው የለም። ያ ሁሉ ደግሞ ጥቁር ልብስ፣ ወንበር፣ ኮፍያና መድረኩ ላይ የተቀመጠ ባንድ ብቻ ነው። ዳንሱ ራሱን ችሎ መቆም ስለሚችል ሌላ ማስዋቢያ አላስፈለገውም።

ስለ ሰውዬው አንድ የምወደው ነገር ልጨምር። ኑዛዜው ላይ ለ66 ወዳጆቹ የሚከፋፈል 25,000 ዶላር ተወ። በእኔ ሒሳብ ወጥታችሁ እራት ብሉ ብሎ ነው።

የማታ_ወፍ፦

እንዴት ላመስግናችሁ! ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ትናንት ማታ ሦስተኛ_ረድፍ ባለኝ መሠረት ከ«ኪስ ሚ ኬት» ጀመርኩ። እውነቱን ነው፣ እዚያች ቦታ ላይ ሲደርስ አየሩ ይለወጣል። ሌሎቹ ወደ ላይ ይዘላሉ፣ እሱ ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ይጠጋል። ከዚያ የእንፋሎቱን ዘፈን አየሁ። ኮፍያውን አልነበረም ያየሁት፣ አንጓቸውን ነበር። ኮፍያው ከመነሳቱ በፊት አንጓው ትንሽ ይታጠፋል፣ «ልመጣ ነው» እንደሚል ነገር። አንዴ ካየሁት በኋላ ሌላ ማየት አልቻልኩም።

ከዚያ ወደዚያች የመጀመሪያዋ ትዕይንት ተመለስኩ። ግዌን ቨርደን የሚለውን ስም ይዤ ስለነበር ሴቶቹን አንድ በአንድ አየኋቸው። ከዳር የቆመች አንዲት አለች፤ ጥሩምባው ሲጮህ ሁሉም ሲነሱ እሷ ለጥቂት ትዘገያለች። ሰልችቷታል። የዘገየችው ተሳስታ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳየው የተሠራ ነገር ነው፣ በሁለተኛውም ድግግሞሽ ልክ እዚያው ትዘገያለች።

የዳንስ_ጫማ፣ አንድ ልጠይቅሽ። መስታወት ፊት ትከሻዬን ሞከርኩት፣ እንዳልሽው አገጬ ይከተለኛል። ምን ላድርግ?

የዳንስ_ጫማ፦

ስላስተዋልሻት ልጅ ደስ አለኝ፣ ያቺን መዘግየት ብዙ ሰው አያያትም።

አገጭሽን አትያዢው፣ ከያዝሽው አንገትሽ ይደርቃል። መስታወቱ ላይ አንድ ነጥብ ምረጪና ዓይንሽን እሱ ላይ አሳርፊ፣ የምትፈልጊው ሰው እዚያ የቆመ ይመስል። ዓይንሽ የሚያየው ነገር ካለው አገጭሽ ከቦታው አይንቀሳቀስም። ከዚያ ትከሻውን በስምንት ምት አምጪው፣ ከዚያ በአራት፣ ከዚያ በሁለት። በአንድ ምት ስታመጪው መተንፈስሽን አትርሺ። ግራውንም እኩል ሥሪ፣ እኔ ረስቼው በኋላ ብዙ ለፋሁበት።